ስለት በስለት ላይ

የብር ሠረገላው ሲያልፍ በሌሊት፣
ፔናንግ ኮኮናቷን ትፈጠፍጣለች በሺህ፣ በብዛት።
ታሚሉ ያነሳል፣ ቻይናው ያነሳል፣
«ለልጄ ጤና!» ብሎ አስፋልት ላይ ይጥላል፤
ውሃው ለአምላክ ይፈሳል፣ የጠራ በረከት፤
ቅርፊቱ ግን ለማን ነው? አላሰቡበት።

ለእኔ ነው። ሴላማ እባላለሁ፤ የቀጠረኝ የለም፣
ሰባት ዓመት ስጠርግ ቀርቼ አላውቅም።
ማዘጋጃ ቤቱ ትልቁን ክምር በዶዘር ይዝቃል፣
ጥፍር የሚያህለው ግን ለዶዘር ያንሳል፤
እሱ ነው ጠላቴ፦ ውሃ ለብሶ የሚያበራ፣
ከጠጠር ተደባልቆ፣ አድፍጦ የሚጠብቅ ተራ።

ከንጋት ጋር ይመጣሉ፣ አርባ ስምንት ቀን ጾመው፣
ጫማ የሚባል ነገር ደጃፋቸው ጥለው፤
ካቫዲው ትከሻ ላይ፣ ዓይኑ ሁሉ ሰማይ ላይ፤
ሁሉም ሰማይ ካየ፣ መሬቱን ማን ይይ?
ስለት ሊያደርሱ ወጥተው ስለት ይረግጣሉ፣
አንዱን በአፍ ተስለው፣ ሌላውን በእግር ይከፍላሉ።

የኔው ማኒካም ሲረግጠው አልተሰማውም፤
ሩዙን እየበላ ሳለ፣ እኔ ነኝ ያየሁት፣ ምንጣፉ ላይ ደም።
«እኔን!» ብዬ ጮህኩ። «ምን ሆንሽ?» አለኝ ቀና ብሎ።
ስኳር ያለበት እግር አይጮህም፤ ዝም ይላል ችሎ።
አውራ ጣቱ ሄደ፤ ተረከዙ ተከተለ፤
ለዲፓቫሊ መብራት ስናበራ፣ ከጉልበት በታች ምንም የለ።

«እኔን» ጥሩ ቃል ነው፤ ግን ሁልጊዜ ይዘገያል፣
እንቅፋት ከመታ፣ ደም ከፈሰሰ ወዲያ ይመጣል።
ስለዚህ በመጥረጊያ እላለሁ፣ ሰው ሳይደማ፣
«እኔን፣ እኔን፣ እኔን» ሽው ሽው ሲል የሚሰማ።
የዓሣ ነጋዴ ቡትስ አጥልቄ ስዞር፣
«በዓል ነው ወይስ ገበያ?» ይለኛል መንደር።
ይበል።

ጎረቤቴ ቬላዩታም፣ እሱም ስኳር አለበት፣
ዘንድሮም ካልሄድኩ አለ፤ ማን ይመልሰው ከስለት?
ውስጥ እግሩን በባትሪ አየሁ፣ በጣቶቹ መሀል ሳይቀር፤
«በል» አልኩት፣ «ሂድ በሌሊት፣ ፀሐይ ሳትወጣ ከባሕር።
ከመሸብህ ደግሞ፣ ማለቴ ከረፈደብህ፣ ጥቁሩን አስፋልት ተወው፣
ነጩን መስመር ርገጥ፤ እሱ ቀዝቀዝ ያለ ነው።
ስትመለስ ሚስትህ ትየው፣ አንተ አይደለህም፣ እግርህን፤
ደህና ነኝ ብትላትም ትጨርስ ምርመራዋን።»

ጎማ ሻጩ ኬንግ ሁዋት፣ የመቶ ስምንት ኮኮናት ጌታ፣
አምስት ዓመት ተጣልተናል በዚችው በዋዜማ ማታ።
«ወደ ቦዩ ወርውር» ስለው፣ «አምላክ በመሀል ነው የሚያልፈው» ይላል፤
«አምላክስ ሠረገላ አለው፤ በእግሩ የሚሄደው ሰው ነው» እላለሁ፤ ይዘጋኛል።
ዘንድሮ ስደርስ ግን ሸራ አንጥፏል አስፋልቱ ላይ፣
ዙሪያውን አሮጌ ጎማ ደርድሯል፣ ቀና ብሎ እኔን ሳያይ።
ግማሹ ዘሎ ወጣ፤ ግማሹ ሸራው ውስጥ ቀረ።
ምንም አላልኩትም። አካፋዬን ነጥቆኝ ሲጠርግ አደረ።

ቀትር ላይ ሬንጁ ሲግል፣ ልጆች በቱቦ ውሃ ይረጫሉ፣
ባለ ስለቶቹ እየዘመሩ፣ ላባቸው እየተወዛወዘ ያልፋሉ፤
ቀድሟቸው ማን እንዳለፈ አንዱም አያውቅ።
አያስፈልግም። እግራቸው ብቻ ይወቅ።

ማታ ማኒካም በረንዳው ላይ፣ በአንድ እግሩ ቆሞ ጠበቀኝ።
«ስንት ሰው አለፈ?» አይልም፤ «ስንት ደማ?» አለኝ።
«ባየሁት፣ ሦስት» አልኩት፣ ቡትሴን እያወለቅሁ።
«አምና አራት ነበር» አለ።
ውሃ ጠጣሁ።