ሁለት እሾህ

ተራራና ባሕር ከሚጠባበቡበት፣
ራስ አልኸይማ፣ ጠጠር ከሞላበት፣
አንዲት ዛፍ አለች ከጓሮው ጥግ ቆማ፣
ከግንቡ የቀደመች፣ ከመንገድ፣ ከከተማ።
የቤቱ ሰው ሁሉ «ሲድር» ነው የሚላት፤
እኔ ግን ከቆቦ ሜዳ ነው የማውቃት፤
ቅጠሏን ሳላሸት፣ ፍሬዋን ሳልቀምሳት፣
በእሾ኿ ለየኋት።
ቁርቁራ!

ከያንዳንዱ ቅጠል ሥር እሾ኿ ጥንድ ነው፤
አንዱ እንደ መርፌ ቀጥ ብሎ የቆመው፣
አንዱ ወደ ኋላ መንጠቆ የሠራው።
ቀጥ ያለው ለመጪ፣ የጎበጠው ለሂያጅ፤
አይነገርም ይሄ፣ ፓስፖርቱ ላለ በሰው እጅ።

ማማ ዐፍራ በምርኩዟ ግንዱን እየነካካች፣
ዓይኗ ደክሟል፣ በመዳፏ እያየች፣
«ሥሯ» አለችኝ፣ «ከላይዋ ይረዝማል፤
እኛ ውሃ ጠፋ ስንል፣ እሷ ጋ ይሰማል።
ዝናብ ሰባት ዓመት ደጃችንን ሲረሳ፣
ፍየሉ ከሷ በላ፣ ግመሉም ከሷ ተነሳ።
የጀልባው ጎድን ከሷ፣ የበሩ መቃን ከሷ፣
እኔን ወልዳ እናቴ የታጠበችው በሷ።»
ልጇ ኸልፋን አምና፣ ለጋራዥ፣ መጋዝ ሲያስመጣ፣
ወንበሯን ከግንዱ አስደግፋ ዋለች፤ ያለ ቁጣ።

ጥቅምት ሲብት ታብባለች፤ አበባዋ ከምስር ያንሳል፤
ቢጫም አይደል አረንጓዴ፤ ንቡን ግን ካገር ያስነሳል።
ያንድ ኪሎ ማር ዋጋ የወር ደሞዜን አለፈ፤
አንድ ማንኪያ አቀመሰችኝ፤ ጉሮሮዬ ላይ አረፈ።
ብዙ ሰዓት ሳልናገር ዋልኩ።

ዛፊቱ ሁለት ስም አላት፤ እኔም ሁለት ነው ያለኝ፤
በናቴ አፍ የውብዳር፣ «ነፊሳ» ደላላ ያለኝ።
ፎቶ፣ ማኅተም፣ ወረቀት፤ ያንድ ሌሊት ሥራ ነው፤
ስሜ ደሴ ላይ ወርዶ ቀረ፤ አካሌ ነው ያለፈው።
አንድ ቀን፣ የረገፈ ፍሬ ስንለቅም፣ ጠየቀችኝ፤
«እናትሽ ማን ትልሻለች?» ቀና ብላ አየችኝ።
ነገርኳት። አልተገረመችም። ፍሬ ሰጠችኝ፤ በላሁ።
ከዚያ ወዲያ፣ ሰው ሳይኖር፣ «ውብዳር» ስትል እሰማለሁ።

ሰኔ ላይ ሞተች፤ በዚያ ሙቀት ግድግዳ እንኳ ያልበዋል።
ሴቶቹ መጡ፤ «ሲድር» አሉ፤ ሬሳ በሱ ይጸዳል።
ቅጠል ሸመጠጥኩ፤ ሙቀጫ አውጥቼ ወቀጥኩ፤
ውሃ ጠብ ሳደርግበት፣ አረፋው ሲገነፍል ደነገጥኩ።
አይ፣ ውሸቴን ነው። አውቀዋለሁ ይህን አረፋ፤
እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ፎረፎሬ እንዲጠፋ፣
ራሴን ጭኗ ላይ ይዛ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ እያለች...

«ነፊሳ፣ ግቢ፣ ውሃ ያዢ!» ጠራችኝ አንዷ አጣቢ።
ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ከሁለቱ፣ የቷ ነኝ እኔ ገቢ?
ጣሳውን በበሩ ስንጥቅ አቀበልኩ፤ እጅ ተቀበለኝ፤
የማን እጅ እንደሆነ አላየሁም፤ እርጥብነቱ ነው የቀረኝ።

ወስደው ቀበሯት። ከሙቀጫው ሥር አረፋ ተርፎ ነበር፤
ሻሼን ፈታሁና ታጠብኩ፣ ከዛፊቱ ጥላ ዳር።
ልነሳ ስል፣ እጅጌዬን የጎበጠው ያዘኝ፤
አልጎተትኩም። ቆየሁ። ትንሽ ጊዜ ይያዘኝ።