ሰባተኛው ጥያቄ

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ጦሳ ጉሙን ሲያወርድ፣
ከሸርፍ ተራ ሽቅብ በጭቃው ላይ ስሄድ፣
ቦርሳዬ ውስጥ አለ
ከእራፊ የተሰፋ ኳስ፣
ጠጠር የጨመርንበት የውሃ ጠርሙስ፣
ፊት ማሳያ መስታወት፣
ደግሞም ቅጽ፣ አሥራ ሁለት ጥያቄ ያለበት።

ጦይባ ትከፍታለች፤ ቆርቆሮው ያለቅሳል።
ነስሩ ጥግ ተኝቶ ጣራውን ይቆጥራል።
ሰባት ወሩ ነው።
አይስቅም፣ አይጮህም፣
ስጠራው አይዞርም።
እሷም አታየውም። ጡት ስትሰጠው እንኳ
ዓይኗ በሩ ላይ ነው።
አከራይዋ ታንኳኳለች፤ የሁለት ወር ኪራይ።
ያባትየው ስልክ ዝግ ነው፣ ጠዋትም ማታም ላይ።

ተራ ቁጥር ሰባት፦
«እናት ከልጇ ጋር ታወራለች ወይ?»
ሦስት ማክሰኞ ሙሉ
እስክሪብቶዬ «የለም» ላይ ቆመ።

«አውሪው እንጂ» አልኳት።
«ምን ብዬ?»
«ያየሽውን፣ የሰማሽውን።»
«ምን ይመልስልኛል?»
የሥልጠናው መልስ ነበረ፣
«የሕፃን አእምሮ» የሚል፣ በገዛ ጽሕፈቴ፤
አልወጣ አለኝ ካንደበቴ።

እኔስ መቼ አወራሁ?
የመጀመሪያ ልጄን «ዝም በል!» እያልኩ ነው ያሳደግሁ።
ደርበው ዛሬ ሠላሳ ሞልቶታል፤
ኮምቦልቻ፣ ፋብሪካ፣ የሌሊት ፈረቃ ይገባል።
በወር አንዴ ይደውላል፤
እሱም ዝም፣ እኔም ዝም፣
ካርዱ ሳያልቅ ወሬው ያልቃል።

አራተኛው ማክሰኞ ዝናብ ነበር።
ጣራው ያፈሳል፤ ባልዲ ጎትታ ከሥሩ አኖረች።
ነጎድጓዱ ሲያጓራ ልጁ በርግጎ ጮኸ፤
ሳታስበው ብድግ አድርጋ
አንገቷ ሥር ወሸቀችው፤
ካፏም አንድ ነገር ወጣ፣
ፈጣን፣ ሙቅ፣ እኔ የማላውቀው፣
ዐረብኛ።

ልጁ ፀጥ አለ።
ቀና ብሎ አያት።

«ከየት አመጣሽው?» አልኳት።
እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሌባ ደነገጠች።
«ሪያድ» አለች።
«አራት ዓመት። የማዳሜ መንታዎች።
እኔ ነኝ እግራቸውን ያስተከልኩት፣
እኔ ነኝ አፋቸውን የፈታሁት።
ያን ቀን ሁለቱም ወደ እኔ ዞረው
‹ማማ› አሉ።
እናትየው ሰማች።
በማግሥቱ ሻንጣዬ በር ላይ ነበር።
ከዚያ ወዲህ ማውራት እፈራለሁ፤
አፉን የፈታሁትን ልጅ
የሚወስዱብኝ ይመስለኛል።»

ባልዲው ሞላ። የነካው የለም።

ቦርሳዬን አልከፈትኩም።
እኔ ኳስ ተሸክሜ ዳገት ስወጣ የከረምኩት
አራት ዓመት ልጅ ያሳደገች ሴት ላስተምር ኖሯል።
«ይሄ ያንቺ ነው» አልኳት። «ማንም አይወስደውም።»
ሌላ የተናገርኩት የለም።
ኪራይ አይከፍል፣ ጣራ አይደፍን።
ሐሙስ ቀበሌ ሄጄ ስለ ኪራዩ ተሰለፍኩ፤
«ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው» ተባልኩ።

ከረምት ሊወጣ ሲል፣ አንድ ማክሰኞ፣
ቀድሜ ደረስኩ።
ላንኳኳ እጄን ሳነሳ ከውስጥ ድምፅ መጣ፦

«ይኸውልህ፣ ጉሙ ወረደ፤ ጦሳን ዋጠው።
አብሽር፣ እዚያው ነው ያለው፣ የትም አይሄድ።
ዘይት ደግሞ ጨመረ፣ ሰማህ?
ትስቃለህ! ዘይት ጨመረ ስልህ ትስቃለህ?
አሁን ያቺ ሴትዮ ትመጣለች፣
ጃንጥላዋ የተሰበረው።
ኳስ አላት። እንዳትበላባት።»

ከዚያ ሌላ ድምፅ፣ ቀጭን፣ ርጥብ፦
«ብ… ብብ… ቡ…»

አላንኳኳሁም።
ደጃፉ ላይ ቆሜ፣ በተሰበረው ጃንጥላ ሥር፣
ቅጹን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ
ተራ ቁጥር ሰባት ላይ «አዎ» ጻፍኩ።
ጠብታ ወርዶ ቀለሙን አፈሰሰው፤
«አዎ»ዬ እስከ ስምንት፣ እስከ ዘጠኝ ወረደ።
ልጁ የመለሰላትን የምጽፍበት ቦታ
ቅጹ ላይ የለም።

ቁልቁለቱን ስወርድ ለደርበው ደወልኩ።
«እማዬ? ምን ሆንሽ?»
«ምንም። ጉሙ ወርዷል፣ እሱን ላወራህ ነው።»
ዝም አለ።
«ፈረቃ ልገባ ነው» አለኝ በኋላ፣ «ቶሎ በይ።»
ቶሎ አልኩት።