አንድ ግስና አንድ ካፖርት

«ስታርቭድ ነኝ» አለች፣ እናቴ ዊኒፍሬድ፣ ከመስኮቱ ጥግ ላይ፤
ጆስሊን ተረኛዋ፣ ገና ወር ያልሞላት፣
ከደቡብ የመጣች፣ ይህን አገር ሳታይ፣
ዳቦ ጠብሳ አመጣች፣ ቅቤ የጠገበ፣ አንድ ኩባያም ሻይ።

«ዳቦ ማን ጠየቀ?» አለች ተቆጥታ፤
ጥርሷ እየተፋጨ፣ ጣቶቿን ከብብቷ ሸጉጣ አስገብታ።
ጆስሊን በመዝገቡ «ምግብ እምቢ ብላለች» ብላ ጻፈች፣ ሰዓቱን አይታ።

ጥፋቱ የሷ አይደለም።
ግሱ ነው ወላዋይ፤ ከደቡብ ሲጠሩት ረሃብ ሆኖ ይመጣል፤
እዚህ ካልደር ሸለቆ፣ በኛ ድንጋይ ካብ ሥር፣ ብርድ ሆኖ ይቀመጣል።

አያቱ «ስቴዮርፋን» ይባል ነበር ጥንት፤
ትርጉሙም መሞት ነው፣ እንዲያው በደፈናው፣ ሳይመርጥ ምክንያት፤
በጦር ይሁን በንዳድ፣ በባሕር፣ በምጥ፣ በእርጅና ሌሊት።
ሥሩን የቆፈሩ ግን፣ ከሞትም በፊት «ድርቅ አለ» ነው ይላሉ፤
ገመድ ላይ የረሱት ሸሚዝ ውርጭ ሲያድርበት፣
እጅጌዎቹ ቆመው እንደሚውሉ።

ታዲያ በጀልባ ሆኖ፣ ከሰሜን ባሕር ማዶ፣
እንግዳ ቃል መጣ፣ «ዳይ» የሚሉት፤
አልጋ ቢለቁለት ቤቱን ጠቀለለው፣
ሞትን ከነጓዙ ነጠቀው ከባለቤት።
የቤቱ ግስ ምስኪን ወደ ጓዳ ተገፋ፤
ጠበበ፣ ጠበበ፤
ከሞት ሁሉ ጎራ ሁለት ብቻ ይዞ አንቀላፋ፦
የበረደውን ሰው፣ ደግሞ የተራበውን።
ዛሬማ ሩብ ሰዓት ምሳ የዘገየበት፣
ብስኩት እየቆረጠመ፣ ይጠራል ስሙን።

አባቴ ዴትሌፍ ግን የግሱን ወንድም ያውቃል፤
ሉቤክ፣ በእናቱ ቤት፣ «ሽቴርበን» ዛሬም መሞት ነው፤
ከወንበሩ አልወርድ ብሏል።

በአርባ ሰባት ክረምት፣ የጦር ምርኮኛ ሳለ፣
ጀርባው ላይ ቢጫ ጨርቅ የተለጠፈበት፣
በረዶ ይዝቅ ነበር፤
የወተት ባልዲ ያንጠለጠለች ልጅ ካቡ ሥር ቁጢጥ ብላ አገኛት።
«ስታርቪን» አለችው፤ በርዶኛል ለማለት።
እሱ ከአሥር ቃል በላይ እንግሊዝኛ አያውቅም፤
«እየሞትኩ ነው» ያለችው መሰለውና ደነገጠላት።
አካፋውን ጣለ፣ ካፖርቱን አወለቀ፣
ጠባቂው እየጮኸ አለበሳት።

«ተሳስቶ ነው» ይላሉ፣ ሰርጋቸውን ያዩ ሁሉ፣ እየሳቁ፤
እኔ፣ የስህተቱ ልጅ፣ ሰባ ዓመቴን ይዤ፣ እላለሁ፦ አላወቁ።
ከዚያ ሸለቆ ሁሉ አንድ እሱ ነው የሰማት፣ እስከ ግሱ አጥንት ድረስ፤
እየሞተች ነበር እኮ፣
ዝም ብላ፣ በቀስታ፣ ካፖርቱ እስኪደርስ።

ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ።
ቢጫው ጨርቅ ነጥቷል፣ የግራ ኪሱ ተቀዷል፣ ብል በልቶታል አንገቱን፤
በትከሻዋ ጣልኩት፤
ጣቷ ከብብቷ ወጥቶ በዳበሳ ለየ ቁልፉን።
ዝም አለች። መስኮቱን ዘጋሁ።
የቀዘቀዘውን ዳቦ አንስቼ ቆሜ በላሁ፤
ለካ እኔም፣ ከጠዋት ጀምሮ፣
በጆስሊን ቋንቋ፣ ስታርቭድ ኖሬአለሁ።