የሳንባ ምች፣ ፈሐሂል

በኛ አገር ምች ማለት፣ ፀሐይ የመታው ነው፤
ትኩስ ነገር ቀምሶ፣ ደጅ ወጥቶ ያገኘው።
ዳማከሴ ታሽቶ፣ በመዳፍ ተጨምቆ፣
በአፍንጫ ይሳባል፤ ሰው ይነሣል በላብ፣ ከመደብ ተላቆ።

ፈሐሂል ስገባ፣ ሐምሌ ነበር ወሩ፤
እጅ ይልጥ ነበረ፣ የአውቶቡስ በሩ።
ውስጡ ግን ሌላ ነው፣ ጥርስ የሚያንገጫግጭ፤
ጣራ ላይ ተሰቅሎ፣ ኤሲ ውርጭ ሲረጭ።
ለካስ ምችም እንደኛ፣ አገር ይለውጣል፤
ከፀሐይ ተሰዶ፣ ሳንባ ውስጥ ያድራል።

ሥራዬ መወልወል፣ የራጅ ክፍል ወለል፤
የሌሊት ፈረቃ፣ በረኪናው ዓይን ሲያቃጥል።
የሐኪሙን ጽሑፍ፣ ማንበብ አላውቅበት፤
ስክሪኑ ግን ዓይኔ፣ ሁለት ዓመት ኖረበት።
አየር የሞላበት፣ ጤናው ጥቁር ነው፤
ነጭ ጉም ከታየ፣ ያን ጊዜ ነው ጣጣው።
በዚህ አገር ጥቁር፣ ደግ ዜና ሆኖ
ያየሁት እዚያ ብቻ ነው።

ቡ ፈላሕ ሽማግሌው፣ ሰባ ሰባት ዓመቱ፣
ዕንቁ ጠላቂ ነበር፣ አሉኝ፣ የሱ አባቱ፤
ከባሕር ሥር ቁልቁል፣ ትንፋሹን ቋጥሮ የሚቆይ፤
ልጁ አንዲት ትንፋሽ አጥቶ፣ ጣራ ጣራ ሲያይ።

ሸፊቁል፣ የሲልሄቱ፣ ብረት አሳሪ ነው፤
ከአሥር ሰው ጋር አዳሪ፣ የአንዱ ሳል የሁሉ የሆነው።
ሦስት ቀን ተኝቶ፣ ክኒኑን ሳይጨርስ፣
ፎርማኑ ደወለና ወጣ፣ ትንፋሹ ሳይመለስ።

የሰባት ወር ሕፃን፣ ጎኗ እየተሰረጎደ፣
በአምስት ሐኪም ተከባ፣ ጉሙ ቀስ ብሎ ሄደ።
ያቺን ሕፃን ያዘለች፣ ዙሪያሽ ናት፣ የሐርቡ ልጅ፤
እሷን በዘጠነኛው ቀን፣ አውርደው ሄዱ ከደጅ።

«ምች ነው፣ እትዬ፣ ምች ነው የመታኝ፤
ዳማከሴ ፈልጊ፣ አሽተሽ አሽትቺኝ።»

ፈሐሂል ዳማከሴ የለም።
ከአትክልት ተራ፣ በሩብ ዲናር፣ ነዕናዕ ገዛሁና
በጓንቴ አሽቼ፣ ከጭንብሏ ሥር ያዝኩላትና
አሸተተች። ዓይኗን ጨፈነች። «አዎ፣ እሱ ነው» አለች።
እንዳልሆነ አውቃለሁ። እንዳልሆነ ታውቃለች።

ነርሷ ጆሴሊን እንዳለችኝ፣
መዝገቡ ዜግነት የሚል ዓምድ አለው፣ ዕድሜ የሚል አለው፤
«በስንተኛው ቀን ደረሰ?» የሚል ግን የለውም።

ቡ ፈላሕ ማክሰኞ፣ ልጆቹ መሐል አረፈ፤
ረቡዕ ንጋት የዙሪያሽ አልጋ፣ ሌላ ሰው ታቀፈ።
ሥሩን ወለወልኩ። ሌላ ምን ላድርግ።

ከዓርብ ጀምሮ ጎኔን፣ ሲወጋኝ ይውላል፤
ባልዲ ሳነሣ፣ ሳጎነብስ፣ ያስለኛል።
ለማንም አልተናገርኩም።
ደመወዝ ሰኞ ነው። ሰኞን ልለፍ።
ስክሪኑ ሲጠፋ፣ ደረቴ መስታወቱ ላይ ይታያል፤
ጥቁር ነው።
ጥቁር ደግ ነው አላልኩም?