የይርሳው ጉልበት

ቡሬ፣ ከእህሉ መጋዘን ደጃፍ፣
ዱካ ላይ ተቀምጦ ደረሰኝ ሲጽፍ፣
ቀኝ እግሩን ዘርግቶ በቆሎ ሲመዝን፣
ማን ይለዋል ይህን
የአገር ማሊያ ለባሽ፣ አሥራ አንድ ቁጥር?
ገበሬው ጆንያውን ካወረደ ወዲያ
ስለ ግማሽ ኪሎ ይገጥመዋል ክርክር።

እኔ ማዶ ነኝ፣ ከመናኸሪያው አጥር፤
ወስፌና ጅማት ነው የእኔ ነገር።
የመጀመሪያውን ታኬታ የሰፋሁ፣
ከመኪና ጎማ ሶሉን የቆረጥሁ፣
እኔ ነኝ። ሒሳቡን እስከ ዛሬ አልከፈለኝ።
ብጠይቀው፣ ስቆ፣
«ስሜ ማን ሆነና? ይርሳው አይደል?» አለኝ።

(ይርሳው ያለችውስ ለአባቱ ነው፣ እናቱ።
ከፊቱ የሞተ ልጅ ነበረ በቤቱ።)

ከቡሬ ማርቆስ፣ ከማርቆስ አዲስ አበባ፣
በእንጨት ሻንጣ ገባ።
ኋላ ኦምዱርማን፣ ከዚያም ሰንዓ ዘለቀ፤
አንዱ ደመወዙን ከፈለው፣ አንዱ ደበቀ።
ሆቴል ውስጥ ታሞ፣ ብቻውን፣ ወር ከረመ፤
ደብዳቤው ላይ ግን «ደኅና ነኝ» ብሎ ፈረመ።
ሠላሳ አንድ ጊዜ ከባንዲራው ፊት ቆመ።

ደግሞ ሉሳካ አለች።

ያን ዕለት ሬዲዮው ዙሪያ ተጣብቀን፣
ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ሳለን፣
ጋዜጠኛው «ይርሳው! የጎጃሙ ይርሳው!» እያለ፣
ድንጋዩ አለቀና ሬዲዮው ዝም አለ።
ባለሱቁ ቆልፎ ሄዷል። ሌላ ድንጋይ የለም።
ጎሏ ስትገባ ከቡሬ የሰማ ማንም።

ስለዚህ ሁሉም ሰው የየራሱን ጎል አገባ፤
አንዱ በቴስታ መታ፣ አንዱ አምስት ሰው በአብዶ አልፎ ገባ።
ግራው ነው፣ ቀኙ ነው፣ ስንቱ ተከራከረ፤
በእትዬ ውዴ አረቄ ቤት ስንት መለኪያ ተሰበረ!

ለፋሲካ ሲመጣ ጎረምሳው ከበበው፤
«እንዴት አገባሃት?» ከአውቶቡሱ ሳይወርድ ጠየቀው።
«በጉልበቴ» አለ።
መናኸሪያው ተናወጠ፣ እልል ተባለ።
በጉልበቱ! በኃይሉ! ወንድ ማለት እንዲህ!
ሁለት ሕፃን ጉልበቱ ተባሉ ከዚያ ወዲህ።

ማብቂያውን ማንም አላየ። መሰናበቻ ጨዋታ፣ አበባ፣
ምንም።
አንድ ጠዋት ልምምድ ላይ ጉልበቱ ጧ አለ፤ በወሩ ቡሬ ገባ።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ባለፈው ክረምት
ዝናብ ከእኔ ዳስ ውስጥ አጣብቆን፣ ሁለት፣
ሱሪውን ሰብስቦ ጉልበቱን ሲዳብስ፣
ደመናው ሲከብድ ሕመሙም ሲብስ፣
«የሉሳካዋ ጎል...» አለና ቆየ።
«ኳሷ ከተከላካይ ነጥራ መጣች፤ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር፣ ማን አየ?
ስዞር መታችኝ፤ ይቺን አጥንት፣ እዚህ ጋ።
ወደቅሁ። ሰዉ ላዬ ላይ ሲንጋጋ
እኔ ገና ኳሷን ከሣሩ እፈልጋለሁ።
መቼ ዋሸኋችሁ? በጉልበቴ ብያለሁ።»

ዲማም ዋሸራም አልሄድሁ፣ ቅኔ አልቆጠርሁም፤
ሰሙን ስናጨበጭብለት
ወርቁ እንዲህ ሲያነክስ አላየሁም።

«ላውጋው ለሰው?» አልሁት። «ማን ያምንሃል?» አለ።
ሱሪውን አውርዶ
ጭቃውን በአንድ እግሩ ዘለለ።

ትናንት ገበያው ቀዝቅዞ፣ መኪናም ጠፍቶ፣
የሰው ዘር አለመኖሩን ግራ ቀኝ አይቶ፣
ከዱካው ሳይነሣ
ሚዛኑ ላይ ጫናት፣ ያቺን እግር፣ ያቺን አንካሳ።
«ስንት አለች?» ብዬ ከማዶ ጮህሁለት።
«አሥራ አንድ ኪሎ» አለና ደረሰኝ ቆረጠላት።
በማን ስም እንደጻፈው
አልጠየቅሁት።