ማን አየ

መረቡ በተሰረቀ ሰሞን
ይርዳው ቡችላውን «ማን አየ» አለው፤
ስሙ ለጎረቤት ነበር። ውሻው ግን የራሱ አድርጎት
ደንገል ውስጥ አይጥ እያሳደደ፣
ሽምብጥ ዳር የተኛ ውሃ እየላሰ አደገ።
ማን አየ?

ልጅቷ በትኩሳት ወደቀች፤ ዓይኗ እርድ መሰለ።
«ቤት ውስጥ ውሻ አለ?» አሉ ሐኪሞቹ።

እናንዬ የፊት እግሩን ላጭታ ደም ቀዳች፤
ይርዳው አፉን በሻሽ ይዞ «ተው አንተ፣ ተው» ይላል፣
ለውሻው ይሁን ለራሱ።

ደሙ ረጋ፤ ከላይ ጭድ የመሰለ ውሃ ቀረረ።
በመቶ አቀጠነችው፣
በሁለት መቶ፣ በአራት መቶ።
ጠላ ቢሆን ቅራሪ ነው፤
ይህ ግን ቀጥኖም ባክቴሪያውን አልሳተም፣
ያዘው።

«ታሟል አልልህም» አለች፣
«ተገናኝተው ነበር። ደሙ ቂም ይዟል፤
መቼ፣ የት፣ አይነግረኝም።
ልጅህም እዚያው ውሃ ትንቦራጨቅ እንደሆን
አንተ ታውቃለህ።»

ማታ ውሻው ከደንገሉ ዘገየ።
ይርዳው አጥሩ ሥር ቆሞ
ስሙን ሊጠራ አፉን ከፈተ፣
ወዲያ ማዶ የጎረቤቱ መብራት በርቷል፤
በፉጨት ብቻ ጠራው።