የቆመ እህል ግምት

አማካሪዋ ዶሪት ወረቀት ዘርግታ፣
በቀይ እስክርቢቶ ሦስት ቁጥር አስጠግታ፦
«ባግሩቷ መቶ አሥር፤ ፕሲኮሜትሪዋ ሰባት መቶ ሠላሳ፤
ኢየሩሳሌም፣ ለሕክምና… እንበል ከመቶ ስልሳ።»

ስልሳ አለች እንደ ዋዛ፣ የቲማቲም ዋጋ እንደሚነግር ሰው፤
እኔም ራሴን ነቀነቅሁ፤ የገባኝ ለመምሰል ነው።
ልጄ ሞሪያ ከጎኔ ጥፍሯን በጥፍሯ ትፍቃለች፤
ዛሬ አታስተረጉመኝም፤ እንደሚገባኝ አውቃለች።
ኢየሩሳሌም ስንል፣ በልጅነቴ፣ መድረስ ብቻ ነበር ሐሳቡ፤
ውስጧም ሌላ በር እንዳለ ሽማግሎቹ መች አሰቡ?

ወገራ፣ አባቴ በሰው መሬት በሚያርስበት ቁልቁለት ላይ፣
ገማች ይመጣ ነበር፣ ስንዴው ቆሞ ቢጫ ሆኖ ሲታይ።
ከበቅሎው አይወርድም፤ ከዳር ሆኖ በዓይኑ ይሰፍራል፤
«ሃያ ቁና» ይላል፤ ጸሐፊው መዝገብ ላይ ያሰፍራል።
መሀሉን ማን አየው? መሀሉን ዋግ መትቶት ይሆናል፤
ወይ ደግሞ ፍሬ የከበደው ዛላ አንገቱን ደፍቶ ይሆናል።

ዶሪት ክፉ ሰው አይደለችም፤ ሳህን ሙሉ ከረሜላ አላት፤
ሁለት ወሰድኩ፤ አንዱን ለታናሿ አስቀመጥኩላት።
«ደግሞ» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሌላም መግቢያ አለ፤
ለእናንተ ሰዎች የተመደበ፣ ደፉ ትንሽ ዝቅ ያለ።»

እኔ ብሆን እገባለሁ፤ እንኳን በበር፣ በአጥር ቀዳዳ፤
ድንበር የተሻገርኩት ማን ፈቅዶልኝ ነው? በደረቴ ተስቤ በሜዳ።
ሞሪያ ግን ጥፍሯን ተወች። «ደፉ የት ጋ ነው?» አለቻት፤
«የሁሉም ሰው።» ዶሪት በቀዩ እስክርቢቶ አሳየቻት።
«እዚያው ላይ ለኩኝ» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም፤
አባቴ ምን ይል ብላ ወደ እኔ አልዞረችም።
ኮራሁም፣ ተቆጣሁም፤ «ኩራት ራቷ» አልኩ በሆዴ፤
መልሼ ደግሞ፦ የማን ልጅ ሆና ነው እንዴ?

ማታ ተረኛ ነበርኩ። ቅርያት ጋት ዳር ፋብሪካው ያጓራል፤
የሁሙስ ጣሳ ክዳን፣ ቢጫ፣ ከመኪናው አፍ ይዘንባል።
ከመቶው ሦስቱ ጎባጣ ነው፤ እየለየሁ እጥላለሁ፤
ዓይን አያሻኝም፤ በጣቴ ነክቼ እፈርዳለሁ።
መቶኛን ከትምህርት ቤት አይደለም፣ ከክዳን ነው የተማርኩት፤
በእረፍት ሰዓት መቶ ቆጥሬ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩት።
ስልሳውን ወደ ቀኝ ገፋሁ። አርባው በግራ ቀረ።
አንድ በአንድ አነሳሁት፤ ጠርዙ ክብ፣ ያማረ።
ስንጥቅ ፈለግሁ፣ የለም። ጉብጠት ፈለግሁ፣ አጣሁባቸው፤
ግራ የገፋኋቸው እኔ ነኝ፤ ሌላ ጥፋት የላቸው።

ኃላፊው ቪክቶር «አዳኖ፣ ምን እየሠራህ ነው?» አለኝ መጥቶ፤
«እየቆጠርኩ» አልኩት። ሳቀና ሊያጨስ ወጣ፣ እኔን ከአርባው ጋር ትቶ።

አንድ ዓመት፣ ትዝ ይለኛል፣ ገማቹ ሃያ ብሎ ሄዶ፣
በሦስተኛው ቀን ሌሊት ማሳውን ፈጀው በረዶ።
አንድ ዓመት ደግሞ ሠላሳ አምስት ወጣ፤ አባቴ ዝም አለ፤
ትርፉን በሌሊት ጉድጓድ ከተተ፤ ማንን በደለ?

ንጋት ላይ ቤት ስገባ የወጥ ቤት መብራት በርቷል፤
ሞሪያ አልተኛችም፤ ከፊቷ ያለው ሻይ ቀዝቅዟል።
«ተቆጥተሃል?» አለችኝ። «አይ» አልኩ። ዋሸሁ ይሆን? አላውቅም፤
ስለ በሩ፣ ስለ ደፉ ማንሳት ያኔ አልፈለግሁም።
ከኪሴ አንዱን ክዳን አውጥቼ ብርጭቆዋ አፍ ላይ ጣልኩ፤
ሰፋው፤ ለሁሙስ ጣሳ ነው የተሠራው። ቢሆንም ከደንኩ።
«ምንድን ነው ይሄ?» አለች ስቃ። ጫማዬን ፈታሁ፤
«ከአርባው ነው» አልኳት፤ ሌላ ሳልጨምር ተኛሁ።